የጎተራን ሙቀትና እርጥበት በስልክ ማንበብ፦ ዲኤችቲ 22 ሴንሰርን ከዋይፋይ ቦርድ ጋር የማገናኘት መመሪያ

ጎንደር ላይ ክረምቱ ከገባ በኋላ እህል ያስቀመጠ ሰው እጁን ጆንያ ውስጥ ከቶ ይዳስሳል፣ ዘግኖ ያሸታል። ችግሩ ሽታው ሲመጣ ሻጋታው ቀድሞ መግባቱ ነው። እዚህ የምናሳየው መሣሪያ የመጋዘኑን ወይም የጎተራውን አየር ሙቀትና እርጥበት ለክቶ ስልክ ላይ ያሳያል። ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ጥቅል አይገዛለትም፣ ራውተርም ባይኖር ይሠራል።

በጆንያዎቹ መካከል ያለው አየር አንጻራዊ እርጥበቱ (በዚያ ሙቀት ሊይዝ ከሚችለው ውሃ ከመቶ ስንቱን እንደያዘ) ከ65 በመቶ በታች ከሆነ ሻጋታ ለመብቀል ይቸገራል። 70 አልፎ ከቆየ ግን ሊጀምር ይችላል። ከመሣሪያው የምንፈልገው እንግዲህ ይህችን ጠባብ ድንበር በትክክል እንዲለይ ነው። ሽቦው ሦስት ብቻ ነው፤ በግማሽ ሰዓት ያልቃል። ቁጥሩ እውነት መሆኑን ማረጋገጥና ሴንሰሩን ተገቢው ቦታ ላይ መስቀል ግን ጊዜ ይወስዳል፣ ስለዚህ እሱ ላይ ረዘም እንላለን።

አንድ ነገር እንዳይምታታ። ነጋዴ «እርጥበቱ 12 ነው» ሲል ስለ እህሉ ውሃ መናገሩ ነው። ይህ መሣሪያ የሚለካው በእህሉ ዙሪያ ያለውን አየር ነው። ስንዴና በቆሎ ከ13 እስከ 14 በመቶ ውሃ ሲይዙ በዙሪያቸው ያለው አየር ከ65 እስከ 70 በመቶ ገደማ ይሆናል። እንደ ሰሊጥ ያለ የቅባት እህል በዚያው አየር ውስጥ የሚይዘው ውሃ ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ የስንዴውን ቁጥር ለሰሊጥ አይጠቀሙ። የአየሩ ድንበር ግን ለሁሉም ያገለግላል።

ዕቃዎቹ

ሴንሰሩ ዲኤችቲ 22 ነው፤ ኤኤም 2302 በሚል ስምም ይሸጣል። ነጭ ነው። ሰማያዊው ዲኤችቲ 11 ይረክሳል፣ አሠራሩም ይመሳሰላል፣ ግን እርጥበትን 5 በመቶ ያህል፣ ሙቀትን 2 ዲግሪ ያህል ሊሳሳት ይችላል። ድንበራችን ከ65 እስከ 70 ሆኖ 5 የሚሳሳት መለኪያ ይዞ መግባት ዋጋ የለውም። ዲኤችቲ 22 በአምራቹ አገላለጽ ሙቀትን በግማሽ ዲግሪ፣ እርጥበትን ከ2 እስከ 5 በመቶ ባለው ልዩነት ይለካል፤ ቀሪውን ስህተት ከታች ባለው የጨው ሙከራ እናስተካክላለን። ከተቻለ ሁለት ይግዙ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሰቅሎ ማወዳደር የተበላሸውን ቶሎ ያጋልጣል።

ቦርዱ ኢኤስፒ 8266 የሚባል ባለዋይፋይ ቺፕ ያለበት ኖድኤምሲዩ ነው። ሲገዙ ስፋቱን ይመልከቱ፦ ሰፊው ዓይነት ብሬድቦርዱን (ዕቃዎች ሳይበየዱ የሚሰኩበትን ባለቀዳዳ ሰሌዳ) ሙሉ በሙሉ ስለሚሸፍን ሽቦ የሚገባበት ቀዳዳ አያስተርፍም፤ ጠባቡ በሁለቱም በኩል አንዳንድ ረድፍ ይተዋል።

ከዚህ ሌላ አንድ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር (ቀለሙ ቡኒ፣ ጥቁር፣ ብርቱካን)፣ 104 ተብሎ የተጻፈበት አንድ ትንሽ ካፓሲተር፣ ብሬድቦርድ፣ ጥቂት ጃምፐር (ማገናኛ) ሽቦዎችና የዩኤስቢ ገመድ ያስፈልጋል። ሬዚስተሩና ካፓሲተሩ ከተጣለ የሬዲዮ ወይም የቴሌቪዥን ቦርድ ላይ ሊነቀሉ ይችላሉ፤ አንድ የሞባይል ጥገና ቤት ጎራ ብሎ መጠየቅ ይበቃል። የዩኤስቢ ገመዱ መረጃ የሚያሳልፍ መሆን አለበት። ቻርጅ ብቻ የሚያደርጉ ገመዶች ብዙ ናቸው፤ የቦርዱን መብራት ያበራሉ፣ ኮምፒውተሩ ግን ቦርዱን አያየውም። ስልክዎን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ ፎቶ ማስተላለፍ የቻለ ገመድ ይሆናል።

ሽቦውን ማገናኘት

ቦርዱን ከዩኤስቢ ይንቀሉ። ሴንሰሩን ወንፊት መሰሉ ፊቱ ወደ እርስዎ፣ እግሮቹ ወደ ታች አድርገው ይያዙት። ከግራ ወደ ቀኝ የመጀመሪያው እግር ኃይል፣ ሁለተኛው መረጃ፣ ሦስተኛው ምንም ያልተያያዘበት፣ አራተኛው ግራውንድ (የኃይሉ መመለሻ፣ ጂኤንዲ) ነው።

1. የመጀመሪያውን እግር ቦርዱ ላይ 3ቪ3 ከሚለው ጋር ያገናኙ።
2. አራተኛውን እግር ከግራውንድ ጋር።
3. ሁለተኛውን እግር ዲ5 ከሚለው ጋር።
4. ሬዚስተሩን በመጀመሪያውና በሁለተኛው እግር መካከል ያስገቡ።
5. ካፓሲተሩን በመጀመሪያውና በአራተኛው እግር መካከል፣ ሴንሰሩ አጠገብ።

ሦስተኛው እግር ባዶውን ይቅር።

ሬዚስተሩን ብዙ ሰው «ያለሱም ሠርቷል» እያለ ይተወዋል። የመረጃው መስመር ሴንሰሩ ወደ ታች ሲጎትተው ዝቅ ይላል፤ ሲለቀው ወደ ላይ የሚመልሰው ግን ይህ ሬዚስተር ነው። ቦርዱ ውስጥ ያለው ደካማ ሬዚስተር ጠረጴዛ ላይ በ10 ሴንቲ ሜትር ሽቦ ሊያብቃቃ ይችላል፤ ሽቦው ሲረዝም ንባቡ ይቆራረጣል። ሴንሰሩን በትንሽ ሰሌዳ ላይ ተበይዶ ባለሦስት እግር ሆኖ ከገዙት ሬዚስተሩ ሰሌዳው ላይ አለ ማለት ነው፤ 103፣ 512 ወይም 472 የሚል ጽሑፍ ያለበትን ጥቁር ነጥብ ይፈልጉ። የእነዚህ ሰሌዳዎች የእግር ቅደም ተከተል ግን እንደ አምራቹ ይለያያል። ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን እንጂ የሌላ ሰው ሥዕል አይከተሉ። ኃይልና ግራውንድ ከተገላበጡ ሴንሰሩ ይግላል፣ ብዙውን ጊዜም ለዘለቄታው ይበላሻል። ስለዚህ ዩኤስቢውን እንደሰኩ ሴንሰሩን በጣት ነካ ያድርጉ፤ ከሞቀ ወዲያው ይንቀሉ።

ኃይሉን ከ5 ቮልት አይውሰዱ። ሴንሰሩ 5 ቮልት ይችላል፣ የኢኤስፒ 8266 እግሮች ግን ለ3.3 ቮልት የተሠሩ ናቸው፤ በሬዚስተሩ በኩል 5 ቮልት ይደርሳቸዋል። በ3.3 ቮልት ሲሠራ ደግሞ ሽቦው ከ1 ሜትር ባይበልጥ ይሻላል። ማርዘም ግድ ከሆነ ሬዚስተሩን ወደ 4.7 ኪሎ ኦም (ቢጫ፣ ሐምራዊ፣ ቀይ) ዝቅ ያድርጉት።

ዲ5ን የመረጥነው በምክንያት ነው። ዲ3፣ ዲ4 እና ዲ8 ቦርዱ ሲነሳ የሚያያቸው እግሮች ናቸው። በተለይ ዲ8 ሲነሳ ዝቅ ማለት አለበት፤ የእኛ ሬዚስተር ወደ ላይ ከጎተተው ቦርዱ ጨርሶ አይነሳም።

ፕሮግራሙን መጫን

አርዱዪኖ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ኮምፒውተር ላይ ይጫኑ። በምርጫዎቹ ገጽ ተጨማሪ የቦርድ ማኔጀር አድራሻ የሚቀበል ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ የኢኤስፒ 8266 አርዱዪኖ ፕሮጀክት በጊትሃብ ገጹ የሚሰጠውን አድራሻ ይለጥፉ፣ ከዚያ በቦርድ ማኔጀር ኢኤስፒ 8266ን ይጫኑ። ፋይሉ ትንሽ ስላልሆነ ጥሩ ኢንተርኔት ባለበት አንዴ ይጨርሱት። ከዚያ በላይብረሪ ማኔጀር የአዳፍሩትን የዲኤችቲ ሴንሰር ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የቀረበ የኮድ ስብስብ) ይጫኑ፤ ዩኒፋይድ ሴንሰር የሚባለውን ሌላ ላይብረሪ አብሬ ልጫን ወይ ብሎ ሲጠይቅ እሺ ይበሉ። እምቢ ካሉት ፕሮግራሙ ሲገጣጠም ስህተት ይሰጣል።

ኮምፒውተሩ ቦርዱን ካላየውና ገመዱ ደህና ከሆነ የጎደለው ድራይቨር (ኮምፒውተሩ ቦርዱን የሚያውቅበት ትንሽ ፕሮግራም) ነው። ቦርዱ ላይ ከዩኤስቢ መሰኪያው አጠገብ ያለውን ቺፕ ያንብቡ፤ ሲኤች 340 ወይም ሲፒ 2102 ይላል፣ የዚያን ድራይቨር ይጫኑ።

ወደ ዋይፋዩ ከመሮጥዎ በፊት ከላይብረሪው ጋር የሚመጣውን ዲኤችቲ ቴስተር የሚባል ምሳሌ ይክፈቱ። የእግሩን ቁጥር ከ2 ወደ ዲ5 ይለውጡ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው 5 ብቻ ይጽፋል። ፕሮግራሙ 5ን የሚረዳው ጂፒአይኦ 5 (ቺፑ ለእግሮቹ በሚሰጠው የራሱ ቁጥር) ብሎ ነው፤ እሱ ደግሞ ቦርዱ ላይ ዲ1 የተባለው ነው። ዲ5 ማለት ጂፒአይኦ 14 ነው፤ ዲ5 ወይም 14 ይጻፉ። ጭነው ሲሪያል ሞኒተሩን (ቦርዱ የሚልከውን ጽሑፍ የሚያሳየውን መስኮት) ይክፈቱና ፍጥነቱን 9600 ያድርጉ፣ ምሳሌው የሚጠቀመው ይህንን ስለሆነ። ካልተጣጣመ የሚታየው የተዘበራረቀ ምልክት ነው።

ትንፋሽዎን እፍ ይበሉበት። እርጥበቱ በጥቂት ሰከንዶች ዘልሎ ቀስ እያለ ከወረደ ሴንሰሩ ሕያው ነው።

ስልክ ላይ ማሳየት

ቦርዱ ራሱ ዋይፋይ እንዲያሰራጭ እናደርጋለን። ፕሮግራሙ ሲነሳ ስምና የይለፍ ቃል ይሰጠዋል፤ የይለፍ ቃሉ ከ8 ፊደል ካነሰ አይሠራም። ከዚያ የኢኤስፒ 8266 ዌብ ሰርቨር ላይብረሪ በፖርት 80 አንድ ገጽ ይከፍታል። ስልኩን ከዚህ ዋይፋይ ጋር አገናኝተው አሳሹ ላይ 192.168.4.1 ሲጽፉ ገጹ ይመጣል። ስልኩ ግን «ይህ ዋይፋይ ኢንተርኔት የለውም» ብሎ ወደ ሞባይል ዳታ ሊሸሽ ይችላል፣ ገጹም አልከፈት ይላል። ገጹን እስኪያዩ ሞባይል ዳታውን ያጥፉ።

ፕሮግራሙ ሲጻፍ ሦስት ነገሮች ይጠበቁ። የመጀመሪያው ሴንሰሩን ሰው ገጹን በከፈተ ቁጥር አለማንበብ ነው፤ ዲኤችቲ 22 በሁለት ንባብ መካከል 2 ሰከንድ ይፈልጋል። በየ10 ሰከንዱ አንብቦ የመጨረሻውን ደህና ቁጥር መያዝ ይበቃል፤ ይህም ፕሮግራሙን በሚያስቆም መጠበቂያ ሳይሆን ሰዓት ቆጥሮ መሆን አለበት፣ ካልሆነ ገጹ ይንቀራፈፋል። ሁለተኛው፣ ንባቡ ቢበላሽ አሮጌው ቁጥር እንደ አዲስ እንዳይታይ ከቁጥሩ ሥር «ከ40 ሰከንድ በፊት የተነበበ» ዓይነት መስመር ይኑር። ሴንሰሩ ሳምንት ሙሉ ሞቶ 61 በመቶ እያለ የሚኖር ገጽ ከመለኪያ አልባ መጋዘን የባሰ ነው። ሦስተኛው፣ በአማርኛ የሚጻፈው ገጽ ራስጌው ላይ ፊደሉ ዩቲኤፍ 8 መሆኑ ይገለጽ፤ ከተረሳ አሳሹ ፊደሉን አራት ማዕዘንና የማይነበብ ምልክት ሊያደርገው ይችላል።

ራውተር ካለ ቦርዱን ከእሱ ጋር ማገናኘት ይቻላል። ኢኤስፒ 8266 የሚያየው 2.4 ጊጋኸርዝን ብቻ ነው፤ 5 ጊጋኸርዝ ብቻ የሚያሰራጭ ራውተር ወይም የስልክ ሆትስፖት ለእሱ የለም። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ደግሞ ቦርዱ በሰከንዶች ይነሳል፣ ራውተሩ ግን ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። 10 ጊዜ ሞክሮ ተስፋ የሚቆርጥ ፕሮግራም ከእያንዳንዱ መብራት መጥፋት በኋላ ሰው እጁን እንዲሰድለት ይጠብቃል። ሳያቋርጥ እንዲሞክር ይጻፍ።

ኢንተርኔት ካለው ሰዓቱን ከመረብ መውሰድ ይችላል። የሰዓት ልዩነቱን በተለመደው ፕላስ 3 ሳይሆን በማይነስ 3 ቢሞሉት በእኛ አቆጣጠር ያወጣልዎታል፤ ጠዋት 1 ሰዓት 1 ሆኖ፣ ቀኑም ሲነጋ ተቀይሮ ይመጣል። ለማታው ከ12 በላይ ካለው ላይ 12 መቀነስ ነው።

የጨው ሙከራ

የወጥ ጨው በውሃ ርሶ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ሲቀመጥ በላዩ ያለውን አየር 75 በመቶ ላይ ያቆመዋል። ይህ የጨው ባሕርይ ነው፤ የጎንደር ከፍታ፣ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ቢሆንም፣ አይቀይረውም። በጨው ውስጥ ያለው አዮዲን ጥቂት ስለሆነ ችግር አይፈጥርም።

የጠርሙስ ክዳን ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው ያድርጉና ውሃ ጠብ እያደረጉ እርጥብ አሸዋ እስኪመስል ያርሱት። ሟሙቶ ውሃ ከሆነ አበላሹት፤ ያልሟሟ ጨው መታየት አለበት። በደንብ የሚዘጋ ማሰሮ ውስጥ ያስቀምጡ፤ ሴንሰሩን ብቻ፣ ጨውን ሳይነካ፣ ከላይ ያንጠልጥሉ። ሽቦው በክዳኑ ላይ የሚያልፍበትን ቀዳዳ በሙጫ ወይም በሻማ ሰም ይድፈኑ። ቦርዱ ውጭ ይቅር፤ ውስጥ ከገባ ያሞቀዋል። ፀሐይ በማይደርስበት ቦታ ለ24 ሰዓት ይተዉት። በማግስቱ 75 ካለ ደህና ነው። 78 ካለ በፕሮግራሙ ውስጥ ከእያንዳንዱ ንባብ ላይ 3 ይቀንሱ። ከ6 በላይ ከራቀ ሙከራውን ይድገሙ፤ እንደገና ከራቀ ሴንሰሩን ይቀይሩ። ማስተካከያው የሚታመነው 75 አካባቢ ነው፤ እኛም የምንፈልገው እዚያው አካባቢ ነው።

ማሞቅና መስቀል

አንጻራዊ እርጥበት ከሙቀት ጋር የተሳሰረ ነው። ሴንሰሩ ከአካባቢው አየር በ1 ዲግሪ ከሞቀ እውነተኛው 70 በመቶ 66 ሆኖ ይነበባል፤ በ2 ዲግሪ ከሞቀ 62። ድንበሩን ያለፈ መጋዘን ደህና ይመስላል ማለት ነው። ኢኤስፒ 8266 ዋይፋይ ሲያሰራጭ ይሞቃል፣ ስለዚህ ሴንሰሩ ከቦርዱ ቢያንስ በ30 ሴንቲ ሜትር፣ ከጎን ወይም ከሥር ይሁን እንጂ ከላዩ አይሁን። ሁለቱን አንድ ሳጥን ውስጥ መዝጋት በጣም የተለመደ ስህተት ነው።

መጋዘን ውስጥ ሴንሰሩ ከቆርቆሮ ጣራ ይራቅ፤ ቀን ላይ ቆርቆሮው ይግላል፣ ሌሊት ከአየሩ በታች ይቀዘቅዝና ከሥሩ ውሃ ያቋጥራል። ጆንያዎቹ በርብራብ ላይ ካሉ በክምሩ መካከል፣ ከግድግዳው ክንድ ያህል ራቅ ብሎ ይንጠልጠል። ሁለት ሴንሰር ካለ ሁለተኛው ሁልጊዜ ቀድሞ የሚረጥበው ጥግ ላይ ይዋል። ከገለባና ከዱቄት ብናኝ ለመከላከል በአንድ ድርብ ስስ ነጭ ጨርቅ ይሸፍኑት፤ በላስቲክ ግን አይጠቅልሉት። የድንጋይና የቆርቆሮ ግድግዳ ዋይፋዩን ስለሚያፍን ቦርዱ ሽቦው እስከፈቀደ ድረስ ወደ በሩ ቢጠጋ ይመረጣል።

ሦስተኛ ሴንሰር ውጭ፣ ከጣራ ክፈፍ ሥር ቢኖር ደግሞ በሩን መቼ እንደሚከፍቱ ይነግርዎታል። እዚህ ላይ መቶኛው ብቻውን ያሳስታል። በውስጥ 22 ዲግሪና 65 በመቶ የሆነ አየር በአንድ ሜትር ኩብ 12.6 ግራም ያህል ውሃ ይይዛል። በነሐሴ ማለዳ ውጭው 15 ዲግሪና 90 በመቶ ቢሆን የያዘው 11.5 ግራም ነው፤ ረጥቦ ቢመስልም ከውስጡ ይደርቃል። ዝናብ አባርቶ ቀትር ላይ 22 ዲግሪና 75 በመቶ ሲሆን ግን 14.6 ግራም ይዞ ይገባል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ከሁለቱም ንባብ የውሃውን ግራም አስልቶ ቢያሳይ፣ ውጭው ሲያንስ መክፈት፣ ሲበልጥ መዝጋት ነው።

ኃይል

ቦርዱ ዋይፋይ እያሰራጨ 80 ሚሊአምፔር ያህል ይወስዳል። 10,000 የተጻፈበት ፓወር ባንክ ሦስት ቀን ገደማ ያቆየዋል። አንዳንድ ፓወር ባንኮች የሚወሰደው ኃይል ትንሽ ሲሆን ስልክ የተነቀለ መስሏቸው ራሳቸውን ያጠፋሉ፤ ሲገዙ ለአንድ ሰዓት ሞክረው ይዩ። ቦርዱን በየመሃሉ ማስተኛት ባትሪ ይቆጥባል፣ ግን የራሱን ዋይፋይ እያሰራጨ መተኛት አይችልም።

ንባቡ ሲበላሽ

በቁጥሩ ቦታ ናን (በእንግሊዝኛ «ቁጥር አይደለም» ማለት) የሚል ሦስት ፊደል ሁልጊዜ ከመጣ የእግሩ ቁጥር፣ የሴንሰሩ ዓይነት ወይም የሽቦው ግንኙነት ተሳስቷል፤ በዚህ ቅደም ተከተል ይፈትሹ። አልፎ አልፎ ብቻ ከመጣ ሬዚስተሩን፣ የሽቦውን ርዝመትና የተላላውን ጃምፐር ይዩ፤ ብሬድቦርድ ለመሞከሪያ ነው፣ መጋዘን የሚገባው ግን ይበየድ። ዓይነቱ ዲኤችቲ 22 ሆኖ ፕሮግራሙ ዲኤችቲ 11 ካለ ቁጥሩ ይመጣል፣ ግን ፈጽሞ የማይመስል ይሆናል። ዋይፋዩ ሲነሳ ቦርዱ ደጋግሞ የሚጠፋና የሚነሳ ከሆነ ቻርጀሩ ወይም ቀጭኑ ገመድ የቅጽበት ፍላጎቱን አልቻለም። ለቀናት ከ99 በመቶ አልወርድ ያለ ሴንሰር ውሃ ገብቶበት ይሆናል፤ ደረቅና ሞቅ ያለ ቦታ አንድ ቀን አቆይተው ካልተመለሰ ይጣል።

ለነቀዝ ክኒን ሲቀመጥ

መጋዘኑ በአሉሚኒየም ፎስፋይድ ክኒን ከመታጠኑ በፊት ቦርዱንም ሴንሰሩንም ነቅለው ያውጡ። ከክኒኑ የሚወጣው ፎስፊን ጋዝ መዳብን ይበላል፤ እርጥበት ሲኖር ደግሞ ይብሳል። ረስተውት ከሆነ መሣሪያው ይጥፋ እንጂ ሊያወጡት አይግቡ፣ ልጅም አይላኩ። ጋዙ ሰው ይገድላል። በባለሙያው የተነገረው የመታጠኛና የማናፈሻ ጊዜ አልቆ መጋዘኑ ከተናፈሰ በኋላ መሣሪያውን ሲመልሱ የጨው ሙከራውን እንደገና ይሥሩ።